የመንግሥት መዝገብ ለጠያቂው እንዴት ይከፈታል?

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚቀመጠው ሰነድ ብዙ ዓይነት ነው። ቃለ ጉባኤ፣ የጨረታ ሰነድ፣ የበጀት ዝርዝር፣ የኦዲት ሪፖርት፣ ውል፣ ካርታ፣ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ፣ በኮምፒውተር የተያዘ መረጃ ሁሉ የመንግሥት መዝገብ ነው። ሰነዱን የሚጽፈው ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈለው፣ ወረቀቱም የሚገዛው ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ ነው። የመረጃ ነፃነት ሕጎች ሁሉ የቆሙት በዚህ ሐሳብ ላይ ነው፦ የመዝገቡ ባለቤት ሕዝቡ ሲሆን መሥሪያ ቤቱ በአደራ ጠባቂ ነው። ባለአደራ ደግሞ ሲጠየቅ ያሳያል፤ የማያሳይበት ምክንያት ካለውም ምክንያቱን ይናገራል።

ሐሳቡ መጀመሪያ በሕግ የሰፈረው በስዊድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1766 የወጣው የፕሬስ ነፃነት ሕጓ ዜጎች የመንግሥትን ሰነዶች ማየት እንዲችሉ ፈቀደ። አሜሪካ የመረጃ ነፃነት ሕጓን ያወጣችው ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። በሕንድ ግን ነገሩ የተጀመረው ከቀን ሠራተኞች ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በራጃስታን ግዛት በመንግሥት ሥራ ላይ የተሰማሩ ድሆች ደመወዛቸው ሲጓደልባቸው የክፍያ መዝገቡ ይታይልን ብለው ተነሡ። መዝገቡ በአደባባይ ሲነበብ ባልሠሩ፣ እንዲያውም በሞቱ ሰዎች ስም ሳይቀር ገንዘብ ወጪ ተደርጎ ተገኘ። ያ ጥያቄ እየሰፋ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2005 የአገሪቱን የመረጃ መብት ሕግ አስወጣ።

በኢትዮጵያ መሠረቱ በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ አንቀጽ 29 ደግሞ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልን ያረጋግጣል። ዝርዝሩን የያዘው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። ስለ መገናኛ ብዙኃን የሚናገረው የዚህ አዋጅ ክፍል በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 ሲተካ፣ መረጃ ስለማግኘት የሚደነግገው ሦስተኛው ክፍል ግን ጸንቶ ቆይቷል።

ማን ይጠይቃል? ከማን?

አዋጁ መብቱን ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል። ጋዜጠኛ፣ ተመራማሪ ወይም ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። የሚጠየቀውም በማንኛውም ደረጃ ያለ የመንግሥት አካል ነው፤ የፌዴራልም ሆነ የክልል መሥሪያ ቤት፣ እንዲሁም መንግሥት በገንዘቡ የሚያንቀሳቅሰው ወይም የሚቆጣጠረው ድርጅት በዚህ ውስጥ ይገባል።

ሁሉም መረጃ ግን ጥያቄ እስኪቀርብበት መጠበቅ የለበትም። መሥሪያ ቤቶች ሥልጣንና ተግባራቸውን፣ የሚሰጡትን አገልግሎት፣ የሚመሩበትን ደንብና መመሪያ፣ የቅሬታ አቀራረባቸውንና በእጃቸው ያሉትን የሰነድ ዓይነቶች ማንም ሳይጠይቃቸው ማሳተም አለባቸው። ይህን ግዴታ በሚገባ የሚወጣ መሥሪያ ቤት ከደጁ የሚሰለፈውም ሰው ይቀንስለታል።

ጥያቄው ሲቀርብ

ጥያቄ የሚቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው። በጽሑፍም በቃልም ማቅረብ ይቻላል። በቃል ሲቀርብ ኃላፊው ወደ ጽሑፍ ለውጦ ቅጂውን ለጠያቂው የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰውም በዚህ ምክንያት መብቱ አይቀርበትም። በማመልከቻው ላይ የጠያቂው ስምና አድራሻ፣ የተፈለገው መረጃና ጠያቂው ሊያገኘው የሚፈልግበት መልክ ይሰፍራሉ።

የጥያቄው አጻጻፍ ውጤቱን በእጅጉ ይወስናል። ለምሳሌ አንድ ነዋሪ በሰፈሩ ስለተሠራ የኮብልስቶን መንገድ ማወቅ ፈለገ እንበል። «ስለ መንገዱ ያለው መረጃ ሁሉ ይሰጠኝ» ብሎ ቢጽፍ የሚፈልግለት ሠራተኛ ከየትኛው መደርደሪያ እንደሚጀምር አያውቅም። «ወረዳው በ2015 በጀት ዓመት ለዚህ መንገድ ሥራ ከተቋራጩ ጋር የተፈራረመው ውልና የተፈጸሙት ክፍያዎች ማስረጃ ቅጂ» ብሎ ቢጽፍ ግን ሰነዱ በስሙ፣ በዘመኑና በክፍሉ ይታወቃል። የሚያቀርበው ግዥ ክፍል ነው ወይስ ፋይናንስ የሚለውም ወዲያው ይለያል።

በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ

ማመልከቻው በመዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል። የመልስ መስጫው ጊዜ የሚቆጠረው ከመግቢያው ጀምሮ ስለሆነ ይህ ቁጥር ለጠያቂው እንደ ደረሰኝ ነው። ከዚያ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው መረጃውን የያዘውን የሥራ ክፍል ይጠይቃል። ሰነዱ ያለው በሌላ መሥሪያ ቤት ከሆነ ጥያቄው ወደዚያው ይመራል። ሰነዱ የሌላ ሰውን ወይም የድርጅትን ጉዳይ የሚነካ ሲሆን ያ ሰው ወይም ድርጅት እንዲያውቀውና ሐሳቡን እንዲሰጥ ይደረጋል።

መልሱ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። የተጠየቀው ሰነድ ብዙ ከሆነ ወይም ፍለጋው ጊዜ የሚወስድ ከሆነ ሊራዘም ይችላል፤ መዘግየቱና ምክንያቱ ግን ለጠያቂው ሊገለጽለት ይገባል። ሰነዱ ከተፈቀደ እንደ ሁኔታው እዚያው ቀርቦ ይነበባል፣ ቅጂው ይሰጣል ወይም በኤሌክትሮኒክ መልክ ይላካል። የማባዣውንም ወጪ ጠያቂው እንዲከፍል ሊደረግ ይችላል።

የማይገለጡ ሰነዶች

መብቱ ገደብ አለው። የሌላ ሰው የግል ሕይወት፣ የድርጅቶች የንግድ ምስጢር፣ የሰውን ደኅንነት አደጋ ላይ የሚጥል መረጃ፣ በወንጀል ምርመራ ላይ ያለ ጉዳይ፣ የአገር መከላከያና ደኅንነት፣ የውጭ ግንኙነት፣ የካቢኔ ሰነዶችና የአገርን የኢኮኖሚ ጥቅም የሚጎዳ መረጃ ከተጠበቁት ውስጥ ናቸው። እነዚህ ገደቦች በቂ ምክንያት አላቸው፤ የአንድን ሰው የሕክምና ፋይል ማንም እየገለጠ እንዲያነብበው የሚፈልግ የለም።

ይሁን እንጂ ሰነዱ በዝርዝሩ ውስጥ መገኘቱ ብቻ ነገሩን አይቋጨውም። ኃላፊው ሁለት ነገሮችን መመዘን አለበት። አንደኛው መረጃው ቢወጣ የሚደርሰው ጉዳት ነው፤ ሁለተኛው ሕዝቡ ከማወቁ የሚያገኘው ጥቅም ነው። የሕዝብ ጥቅሙ ካመዘነ ሰነዱ ይሰጣል። ከዚህም ሌላ የተጠበቀውን ክፍል ከቀሪው መለየት ሲቻል ቀሪው መከልከል የለበትም። በመንገዱ ምሳሌ የተቋራጩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተሸፍኖ የውሉ ዋጋ፣ የሥራው መጠንና የርክክቡ ቀን ሊታይ ይችላል። አንዱ መስመር ምስጢር ስለሆነ ሙሉውን ፋይል መቆለፍ የአዋጁን መንፈስ ይጥሳል።

ጥያቄው ሲከለከል

የከለከለ መሥሪያ ቤት የከለከለበትን ምክንያትና የተመሠረተበትን ድንጋጌ ጠቅሶ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። በአፍ የተነገረ «አይቻልም» ወይም «ነገ ተመለስ» ሕጋዊ መልስ አይባልም። የጽሑፍ እምቢታ ለጠያቂው ከባዶ እጅ የሚሻል ነው፤ ይግባኙን የሚያቀርበው በእርሱ ላይ ነውና።

የመጀመሪያው ይግባኝ ለዚያው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ ይቀርባል። ቀኑ አልፎ መልስ ያልደረሰው ሰውም ለኃላፊው ማመልከት ይችላል። በኃላፊው ውሳኔ ያልረካ ጠያቂ ጉዳዩን ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይወስዳል። በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው ይህ ተቋም ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተጠሪ ሲሆን የመረጃ ነፃነት ሕጉን አፈጻጸም የመከታተል ኃላፊነትም ተሰጥቶታል። መሥሪያ ቤቶች ስንት ጥያቄ እንደቀረበላቸውና ስንቱን እንደመለሱ ለተቋሙ ሪፖርት ያደርጋሉ። የመጨረሻው በር ፍርድ ቤት ነው።

ጥያቄ ሲቀርብበት ሰነድን ሆን ብሎ ማጥፋት፣ መለወጥ ወይም መደበቅ በሕግ ያስጠይቃል።

በውጭ አገር ላሉ ኢትዮጵያውያን

እንዲህ ያለው ሥርዓት በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንንም ይነካል። ጥገኝነት የጠየቀ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ያወጣ ወይም ዜግነት ያመለከተ ሰው በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የራሱ ፋይል አለው። ቀድሞ ያስገባው ቅጽ ወይም የሰጠው ቃል ምን ይል እንደነበር ማየት ሲፈልግ የፋይሉን ቅጂ በአሜሪካው የመረጃ ነፃነት ሕግ ይጠይቃል። መጠየቅ የሚችለው ዜጋ ብቻ አይደለም፤ ማንኛውም ሰው ነው። ሕጉ መሥሪያ ቤቶች በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲወስኑ ቢያዝም በተግባር መልሱ ከዚያ ሊዘገይ ይችላል። ዘጠኝ ዓይነት የተጠበቁ መረጃዎች አሉ፤ በእነርሱ ሥር የገቡት መስመሮች ጠቁረው ቀሪው ይላካል። በውሳኔው ያልተስማማ ሰው ይግባኝ ለማለት ቢያንስ 90 ቀን አለው።

የመዝገብ አያያዝ

ሕጉ የቱንም ያህል ቢሟላ ያልተያዘ ሰነድ ሊሰጥ አይችልም። ፋይሎች በየቢሮው ጥግ ተከምረው፣ መለያ ቁጥራቸው ጠፍቶ፣ አይጥና እርጥበት ሲጨርሳቸው «አልተገኘም» የሚለው መልስ ውሸት ላይሆን ይችላል። ኃላፊው ሲቀየር ዶሴው አብሮ የሚጠፋበት መሥሪያ ቤትም ለማንም መልስ የለውም። የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 179/1991 የመንግሥት መዛግብት እንዲጠበቁ ያዘዘው ለታሪክ ተመራማሪ ብቻ ተብሎ አይደለም። የዛሬው ጠያቂም የሚጠቀመው በዚያው ጥበቃ ነው።

ስለዚህ የመረጃ መብት ከሁለት ወገን ትጋት ይፈልጋል። የመሥሪያ ቤቱ ትጋት እያንዳንዱን ሰነድ በቁጥሩና በቦታው ማስቀመጥ፣ ለጠያቂው በቀኑ መልስ መስጠት ነው። የጠያቂው ትጋት የሚፈልገውን ለይቶ መጻፍ፣ የገቢ ቁጥሩን መያዝ፣ ሲከለከል ምክንያቱን በጽሑፍ መቀበልና እስከ መጨረሻው ይግባኝ ማለት ነው። የቃል ይረሳል፣ የጽሑፍ ይወረሳል እንደሚባለው በቃል የቀረ ጥያቄ በቃል በተሰጠ ምላሽ ይቀራል። በጽሑፍ የገባ ጥያቄ ግን ራሱ የመንግሥት መዝገብ ይሆናል፤ ነገ ሌላ ሰው ሊጠይቀውና ሊያነብበው ይችላል።