የዐባይ ተፋሰስን ትንንሽ ዓሦች ስለ መረመሩ ሊቅ፤ የፕሮፌሰር አበበ ጌታሁን የጥናት ሥራ

ከድባጤ ወደ ቡለንና ወደ ወንበራ የሚሄድ መንገደኛ ወደ ዐባይ ሸለቆ የሚወርዱ ብዙ ጅረቶችን ይሻገራል። ስለ ዓሣ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስበው አምባዛውን፣ ቀረሶውንና ነጩን ዓሣ ነው፤ የሚበላው እርሱ ነውና። በፈጣን ውሃ ውስጥ ከድንጋይ ተጣብቆ የሚኖረውን ትንሹን ዓሣ ግን ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም። በዚህ ጽሑፍ የምንገልጸው ከዚህ ከተናቀ ዓሣ ስለ ተነሣ አንድ የጥናት ሥራ ነው። (የዓመቱ ቁጥር ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

የዓሣው ወገን በሳይንስ ስሙ ጋራ ይባላል። ስሙን ፍራንሲስ ሐሚልተን በ1822 ለሕንድ አገር ዓሣ ያወጣው ስለሆነ ከአማርኛው ጋራ ጋር ዝምድና የለውም። ዓሣው ከአፉ በስተኋላ እንደ መምጠጫ የሚያገለግል ክብ ሥጋ አለው፤ በዚህም ድንጋዩን ይዞ ጐርፉን ይቋቋማል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መምህር ፕሮፌሰር አበበ ጌታሁን የአፍሪካን የጋራ ወገኖች መርምረው በ2000 በኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ አገኙ። በ2007 ደግሞ በኒው ዮርክ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ከምትሠራው ከሜላኒ ስታያስኒ ጋር ሆነው አምስት አዳዲስ የኢትዮጵያ ዓይነቶችን ገልጸው አሳተሙ። ከአምስቱ አንደኛው በጎጃሟ ደምበጫ የተሰየመ ነው፤ ሌላው ጢሞቹ ሁለት ብቻ በመሆናቸው «ባለ ሁለት ጢም» ተባለ። ከጣና ሐይቅ የተገኘው ሬግሬሱስ የተባለው ዓይነት መምጠጫው የተመናመነ ነው። ጐርፍ በሌለበት ሐይቅ ድንጋይ መጨበጥ ምን ይጠቅመዋል? እኛስ ምክንያቱ ይኸው ይመስለናል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ቅርፊት መቍጠርና ጢም መለካት የአኗኗር ጥናት አይደለም ይላሉ። ጣናን የተመለከተ ግን እንዲህ አይልም። በ1973 ባኒስተር የተባለ እንግሊዛዊ የጣናን ታላላቅ ጢማም ዓሦች ከሌሎች ጋር ጨፍልቆ አንድ ዓይነት አደረጋቸው። በ1990ዎቹ የሆላንድ ሊቃውንት ናጌልከርኬና ሲቢንግ በየመልካቸውና በየምግባቸው ሲለዩአቸው 15 ያህል ዓይነቶች ሆኑ፤ ከእነርሱም ስምንቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። አንድ ናቸው እየተባለ ቢቀጥል ኖሮ የትኛው በየትኛው ወንዝ እንደሚራባና የትኛው እያለቀ እንደሆነ ማን ይጠይቅ ነበር? በእርግጥም ከ1991–93 እስከ 1999–2001 ባለው ጊዜ ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዓይነቶች በክብደት 75 ከመቶ ያህል መቀነሳቸው ታወቀ። በክረምት ለመራባት ወደ ወንዝ ሲወጡ በወንዝ አፍ መረብ ይጠብቃቸዋል። ፕሮፌሰር አበበም ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ጣና በሚገቡት በመገጭና በድርማ ወንዞች ይህንኑ ጕዞ አጥንተዋል። ከስታያስኒ ጋር በ1998 ባወጡት ጽሑፍ ስለ ኢትዮጵያ ዓሦች አደጋ አስቀድመው ማሳሰባቸውንም መዘንጋት አይገባም።

ወደ መተከል እንመለስ። በ2007 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የበለስንና የግልገል በለስን ወንዞች ዓሣ፣ ዓይነቱን፣ ብዛቱንና አኗኗሩን፣ የሚመረምር የማስተርስ ጥናት ቀረበ። ዓመቱን ልብ እንበል። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ተከፍቶ የሐይቁ ውሃ በዋሻ እየተመራ ወደ በለስ ይፈስስ ጀመር። ጣናን ከታችኛው ዐባይ የሚለየው 40 ሜትር ያህል የሚወርደው የጢስ ዐባይ ፏፏቴ ሆኖ ሳለ፣ እነሆ የሐይቁ ውሃ በሌላ በር ወረደ። ስለዚህ ያ ጥናት ከለውጡ በፊት የነበረውን የሚመሰክር መዝገብ ሆነ፤ ዛሬ በበለስ መረብ የሚጥል ተማሪ የሚያገኘውን ከእርሱ ጋር ያስተያያል።

ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በዚያው በመተከል፣ በጉባ ተሠርቶ መስከረም 9 ቀን 2025 ተመረቀ፤ ሐይቁ ሲሞላ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። በረጋ ውሃ ቀረሶና አምባዛ ይመቻቸዋል፤ ለዓሣ አስጋሪውም መልካም ነው። ድንጋይ የሚጨብጠው ጋራ ግን የሚፈልገው የሚሮጥ ውሃ ስለሆነ መጠጊያው እንደ ድባጤ ባሉ ደጋማ ቦታዎች የሚወርዱት ጅረቶች ናቸው።

እነዚህም ጅረቶች የራሳቸው ሥጋት አላቸው። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ በውሃ ሲበተን ዓሣው ትንፋሽ አጥቶ ይንሳፈፋል። ይህ የቆየ ዘዴ ለእራት የሚሆነውን ብቻ ሳይሆን ጫጩቱንም፣ ማንም የማይበላውንም ይገድላል። በበጋ ውሃው በየጕድጓዱ ሲቀር ጕዳቱ የባሰ ነው።

ለዕረፍት ወደ አገሩ የሚሄድ ተማሪ ከእነዚህ ዓሦች ጥቂት ቢይዝ በፎርማሊን አድርጎ በአራት ኪሎ ለሚገኘው የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሙዚየም ሊያስረክብ ይችላል። በጠርሙሱ ውስጥ የሚገባው ወረቀት በእርሳስ ይጻፍ፤ ቀለም ይለቃልና። የወንዙ ስም፣ የቀበሌው ስም፣ ቀኑ፣ ውሃው የሚሮጥ ወይም የረጋ መሆኑና የአገሩ ሰው ዓሣውን የሚጠራበት ስም በጉምዝኛም ሆነ በሺናሽኛ ይመዝገብበት።