ስለ ኦድሪ ሄፕበርን የጭፈራ ትምህርትና የሲኒማ ሥራ

በግዕዝ ቋንቋ ዘፈነ የሚለው ቃል በአፍ ማዜምን ብቻ ሳይሆን በእግርና በመላ አካል መጫወትንም እንደሚያመለክት ሊቃውንት ያውቁታል። ንጉሥ ዳዊት በታቦተ እግዚአብሔር ፊት በሙሉ ኃይሉ ዘለለ፤ ሜልኮልም በመስኮት ሆና አይታ ናቀችው። የሄሮድያዳ ልጅም በሄሮድስ የልደት ግብር ላይ ዘፈነች። የአካሉ ሥራ ተመሳሳይ ነው፤ ፍሬው ግን በአንደኛው ዘንድ ምስጋና፥ በሁለተኛዪቱ ዘንድ የመጥምቁ የዮሐንስ ሞት ሆነ። ስለዚህ ጭፈራን በጅምላ የሚነቅፍ ሰው ዳዊትን፥ በጅምላ የሚያመሰግንም ሰው ሄሮድያዳን የረሳ ይመስለናል።

ይህን ነገር ለማንሣት ያበቃን የወልቂጤና የቡታጅራ ከተሞች ሁኔታ ነው። ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፥ ቡታጅራም በቅርብ ዓመታት የተቋቋመው የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተሞች ናቸው። በነዚህ ከተሞችና በዙሪያቸው ባሉት መንደሮች የመስቀል በዓል በደረሰ ጊዜ፥ በአዲስ አበባና በየአገሩ ለንግድ ተበትኖ የከረመው ሰው ወደ ትውልድ ቤቱ ይገባል፤ ከክትፎውና ከቆጮው ጋራ ጭፈራው ይደራል። የጉራጌ ጭፈራ እግርንም እጅንም ትከሻንም በአንድ ጊዜ የሚያሠራ፥ ፋታ የማይሰጥ፥ ትንፋሽን የሚፈትን ነው። በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፥ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው፥ በመድረኩ ካሳያቸው የአገር ጭፈራዎች አንዱ እርሱ ነው። ነገር ግን ይህን ጭፈራ ከጓደኞቿ ሁሉ አብልጣ የምታውቅ አንዲት የወልቂጤ ወይም የቡታጅራ ልጃገረድ ዕውቀቷን ወዴት ታደርሰዋለች ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እንግዳ በመጣ ጊዜ ተጠርታ ትጨፍራለች፤ እንግዳው በሄደ ጊዜ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። አባቷ ስሟ እንዳይጠፋ ይሠጋል፤ ሹሙም ከተጨበጨበላት ወዲያ ሌላ ዋጋ የሚገባት አይመስለውም።

ስለዚህ የጭፈራ ትምህርት ሰውን ወዴት ሊያደርስ እንደሚችል በአንዲት በታወቀች ሴት ታሪክ ለማስረዳት እንወዳለን። ይህችም የሲኒማ ተጫዋች የነበረችው ኦድሪ ሄፕበርን ናት። የባዕድ አገር ሰው ብትሆንም ታሪኳ ከአገራችን ጋራ የሚገናኝበት ምክንያት አለ፤ በስፍራው እንደርስበታለን። ስለ እርሷ የምንጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኦድሪ በ1929 በቤልጅግ አገር በብሩክሴል ከአንዲት የሆላንድ መኳንንት ልጅና ከአንድ የእንግሊዝ ዜጋ ተወለደች። በ1935 አባቷ ቤቱን ጥሎ ሄደ። ኢጣልያ አገራችንን በወረረበት በዚያው ዓመት እናቷም አባቷም የእንግሊዝ ፋሺስቶች ደጋፊዎች እንደ ነበሩ ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም፤ ልጅ ግን በወላጆቿ አሳብ አትከሰስም። በ1939 ጦርነቱ ሲነሣ እናቷ ሆላንድ ከጦርነቱ ውጭ ሆና ትቀራለች በሚል ተስፋ ልጅቱን ከእንግሊዝ አገር አውጥታ ወደ አርንሄም ከተማ ወሰደቻት። ጀርመኖች ግን በ1940 ገቡ። በ1942ም የኦድሪን አክስት ባል በመያዣነት ከያዙ በኋላ ረሸኑት፤ እናቲቱም ቀድሞ ያመሰገነችው ሥርዓት ምን እንደ ሆነ በገዛ ቤተ ሰቧ አየችው።

ልጅቱ በአርንሄም የተማረችው ባሌ የሚባለውን ዳንስ ነው። (ስሙ ከባሌ አገራችን ጋራ ዝምድና የለውም፤ ከፈረንሳይ ቋንቋ የመጣ ነው።) ባሌ በሙዚቃ እየተመራ ያለ ንግግር ታሪክን የሚገልጽ ጭፈራ ሲሆን፥ ትምህርቱ ብዙ ሰው ከሚገምተው ይልቅ ለዜማ ቤት ትምህርት ይቀርባል። ተማሪው በግድግዳው ላይ የተጋደመውን እንጨት ይዞ አንዱን የእግር አኳኋን ቀን በቀን ይደጋግማል፤ መምህሩ እሺ ሳይለው ወደሚቀጥለው አያልፍም። ጾመ ድጓን ያጠና፥ በዝማሜም ጊዜ መቋሚያውን ከዜማው ጋራ ለማስማማት ዓመታት የደከመ ካህን ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

በጦርነቱ ጊዜ ኦድሪ መስኮታቸው በተሸፈነ ቤቶች ውስጥ በስውር ትጨፍር ነበር። የሚሰበሰበው ገንዘብ ለሆላንድ የውስጥ አርበኞች ይሰጥ ነበርና፥ ተመልካቹ ድምፁ ወደ ውጭ እንዳይሰማ ጨዋታው ሲያልቅ እንኳ አያጨበጭብም። ከ1944 እስከ 1945 በነበረው ክረምት ጀርመኖች እህል ወደ ከተሞቹ እንዳይገባ ስለ ከለከሉ በሆላንድ 20,000 ያህል ሰው በረኀብ አለቀ፤ ሕዝቡ የቱሊፕ አበባን ሥር እየቆፈረ እስከ መብላት ደረሰ። በእንሰት የሚኖር የጉራጌ ገበሬ ከመሬት የሚቆፈር ምግብ በክፉ ቀን ምን ያህል ነፍስ እንደሚያድን ያውቃል፤ ነገር ግን እንሰት ለምግብ የተተከለ ነው፥ ቱሊፕ ግን ለዓይን ደስታ። ኦድሪም አካሏ ከስቶ፥ ደሟ አንሶ ከጦርነቱ ወጣች። ዓለም አቀፉ ርዳታም ከደረሰላቸው ልጆች አንዷ ሆነች።

ከዚያም በአምስተርዳም ከሶንያ ጋስኬል ዘንድ ተማረች፤ በ1948ም ወደ ሎንዶን ሄዳ በታወቀችው መምህርት በማሪ ራምበርት ትምህርት ቤት ገባች። በዚያ ብዙ ከደከመች በኋላ መምህርቷ እውነቱን ነገረቻት፤ ቁመቷ ረዥም በመሆኑና በረኀቡ ዘመን አካሏ በመጎዳቱ ከባሌ ተጫዋቾች የመጀመሪያዪቱ ለመሆን እንደማትችል ገለጸችላት። ይህን ቃል እኛ ከታሪኳ ሁሉ አብልጠን እናከብረዋለን። ተማሪዋን በከንቱ ተስፋ ዐሥር ዓመት ከማቆየት ይልቅ በጊዜው መናገር የመምህርነት ማዕርግ ነው። ልጅቱ አዘነች፤ ቢሆንም የተማረችውን አልጣለችውም። በሎንዶን ቴአትሮች ከብዙ ልጃገረዶች ጋራ በጀርባ ረድፍ እየጨፈረች እንጀራዋን አገኘች፤ በሲኒማም ጥቂት ቃል ያለው ትንንሽ ሥራ ይሰጣት ጀመር። በ1951 በሞንቴ ካርሎ ስትሠራ ፈረንሳዊቱ ደራሲ ኮሌት አየቻትና በኒው ዮርክ ለሚታየው ለዢዢ ቴአትር ይህች ትሁን አለች።

በ1953 የወጣው «የሮማ በዓል» የተባለው ሲኒማ በዓለም ሁሉ አሳወቃት። ከእርሷ ጋራ የተጫወተው ግሬጎሪ ፔክ፥ እርሱ በጊዜው የታወቀ ሰው ሲሆን፥ የዚህች አዲስ ልጅ ስም ከስሜ እኩል ይጻፍ ብሎ እንዳሳሰበ ይነገራል። በሚቀጥለው ዓመት ኦስካር የተባለውን ሽልማት ተቀበለች። በሲኒማው ውስጥ ከአጀቡ አምልጣ በከተማ የምትዞር ልዕልት ናት፤ አንገቷን ቀና አድርጋ መቆሟን፥ ደረጃ ስትወርድ እግሯን አለማየቷን ለተመለከተ ሰው፥ ያ ሁሉ በአርንሄምና በሎንዶን እንጨት ይዛ የተማረችው እንደ ሆነ ይገባዋል። በ1957 ደግሞ በታወቀው ዳንሰኛ በፍሬድ አስቴር ፊት ጨፈረች። ከ1967 በኋላ ልጆቿን ለማሳደግ ብላ ከሲኒማው ለብዙ ዓመታት ራቀች፤ የቀሩትን ሥራዎቿን መዘርዘር ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልግም።

ከአገራችን ጋራ የተገናኘችው በ1988፥ በእኛ በ1980 ዓ.ም. ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት መልእክተኛ ሆና ስትሾም የመጀመሪያ ጉዞዋ ወደ ኢትዮጵያ ሆነ። ድርቅና ጦርነት በአንድነት ሰሜኑን በሚያስጨንቁበት በዚያ ጊዜ 500 የተራቡ ሕፃናት ወደሚጠበቁበት ወደ መቐለ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ገባች። ከዚያ እንደ ተመለሰችም ያየችውን ለውጭ አገር ጋዜጠኞች እየዞረች ተናገረች። ሰው ሊያደምጣት የመጣው በሲኒማ ስለሚያውቃት ነው፤ እርሷ ግን የምትናገረው በልጅነቷ ስለምታውቀው ረኀብ ነበር። በ1992 ወደ ሶማልያ ሄደች፤ በጥር ወር 1993 በስዊስ አገር ዐረፈች።

እንዲህ ያለ ትምህርት በአገራችን አይቻልም የሚል ቢኖር፥ በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1996 እንግሊዛዊው የዳንስ መምህር ሮይስተን ማልዱም በአዲስ አበባ ከጎዳና ልጆች ጋራ የሠራውን ይጠይቅ። ከነዚያ ልጆች መካከል አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን ወጣ፤ ከአባሎቹም ጁነይድ ጀማል በ2004 ተመርጦ ከጃፓናዊው ሊቅ ከሳቡሮ ተሺጋዋራ ዘንድ ለመማር በቃ።

ለወልቂጤና ለቡታጅራ ሹማምንት የምናሳስበው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በየከተማው ካሉት የመሰብሰቢያ አዳራሾች በሳምንት ሁለት ቀን ባዶውን የሚውል አንዱ ይሰጥ፤ ወለሉ በሲሚንቶ ላይ እንጨት ይነጠፍበት፥ ሲሚንቶ የሚዘልን ሰው ጉልበት ይጎዳልና። የመንደሩን ጭፈራ ከነሥርዓቱ የሚያውቁ እናቶች ለመምህርነት ተመርጠው ደመወዝ ይቈረጥላቸው። ትምህርቱ በቀን ይሁን፤ ወላጅም በፈቀደ ጊዜ ገብቶ ይመልከት። እንግዳ ለመቀበል የሚጠሩት ልጆችም የሚከፈላቸው ዋጋ አስቀድሞ በበጀት ይጻፍ። ካህናቱም ሼሆቹም ነውር የሚሉት ነገር ካለ አዳራሹ ሲከፈት ተጠርተው ይናገሩ እንጂ፥ ልጅቱ ተምራ ከጨረሰች በኋላ አይሁን።