እንዴት ይሠራል? በሰመመን የሚያልፉ ደቂቃዎች

ካሜራ ባለው ቱቦ የሚደረግ የጨጓራ ኢንዶስኮፒ ወይም የአንጀት ኮሎኖስኮፒ የታዘዘለትን ሰው ብዙ ጊዜ ከበሽታው ይልቅ የሚያስጨንቀው ምርመራው ራሱ ነው። «ያደነዝዙኛል? መሐል ላይ ብነቃስ? ጭራሽ ባልነቃስ?» ይላል። ነገሩ ቡና ላይ ከተነሳ ደግሞ ሁሉም የራሱን ያዋጣል። አንዷ «ምንም አላወቅሁም፤ ዐይኔን ስገልጥ አልቋል» ትላለች። ሌላው «እኔ የሚያወሩትን ሁሉ ሰምቻለሁ» ብሎ ያስደነግጣል። ሁለቱም አልዋሹም። የተሰጣቸው መድኃኒት፣ መጠኑና የገቡበት ጥልቀት የተለያየ ነው።

ሰመመን ደረጃ አለው። ቀለል ሲል ሰውየው ይረጋጋል እንጂ ነቅቶ ያወራል። መካከለኛው ላይ ዐይኑ ይከደናል፤ ቢሆንም ስሙን ሲጠሩት ወይም ትከሻውን ነካ ሲያደርጉት ይመልሳል፣ «ወደ ግራ ዙር» ሲሉት ይዞራል። ጥልቅ ሲሆን ደጋግመው ካልጠሩት ወይም ካላሳመሙት አይነቃም። ከዚያ በታች ያለው ለትልቅ ቀዶ ጥገና የሚሰጠው ሙሉ ማደንዘዣ ነው። እዚያ የደረሰ ሰው ቢቆረጥም አይነቃም፤ ትንፋሹንም ብዙ ጊዜ ማሽን ያግዘዋል። በደረጃዎቹ መካከል አጥር የለም። አንድን ጎረምሳ የሚያረጋጋው መጠን አንዲትን የ80 ዓመት እናት ወደ ጥልቁ ሊያወርዳት ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ አይሰጥም። ጥቂት ይገፋል፣ ይጠበቃል፣ ሕመምተኛው ይታያል፣ ካስፈለገ ይጨመራል።

በአገራችን ብዙ ቦታ የጨጓራ ኢንዶስኮፒ የሚሠራው ጉሮሮን በሚያደነዝዝ የሊዶኬይን ርጭት ብቻ ነው። ርጭቱ ይመራል፤ ወዲያው ጉሮሮ ያበጠ ይመስላል፣ ምራቅ መዋጥም ያስቸግራል። ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው፤ ግን መድኃኒቱ ያዘ ማለት እንጂ ትንፋሽ ተዘጋ ማለት አይደለም። ርጭቱ ነው ወይስ በደም ሥር የሚሰጠው ሰመመን፣ የትኛው እንደሚሰጥዎት ከቀጠሮው በፊት ይጠይቁ። ያልጠበቁት ነገር ሲመጣ ነው ሰውነት የሚታገለው።

በደም ሥር የሚሰጠው እንዲህ ይጀምራል። እጅዎ ላይ ካኑላ የሚባል ቀጭን ቱቦ ይገባል። ጣትዎ ላይ ኦክስጅንና የልብ ምት የምታነብ ትንሽ መቆንጠጫ ትደረጋለች፤ ክንድዎ ላይ የደም ግፊት መለኪያ፣ አፍንጫዎ ሥር የኦክስጅን ቱቦ ይደረጋል። በግራ ጎንዎ ያስተኙዎታል። ኢንዶስኮፒ ከሆነ ጥርስዎ መሣሪያውን እንዳይነክስ የፕላስቲክ ማስነከሻ ያስይዙዎታል። ከዚያ መርፌው ይገፋል።

የተሰጠዎት ሚዳዞላም የተባለው መድኃኒት ከሆነ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይሰማዎታል። የዐይን ቆብ ይከብዳል፣ ትከሻ ይረግባል፣ ጠዋት ሙሉ ሲያንገበግብ የነበረው ጭንቀት ይለቃል። ክፍሉ አለ፣ ሰዎቹ አሉ፣ ድምፃቸውም ይሰማል፤ ግን ግድ አይሰጥዎትም። ብዙ ጊዜ ሕመም የሚያስታግሰው ፌንታኒል አብሮት ይሰጣል። ፕሮፖፎል የተባለው ከሆነ ነገሩ ፈጣን ነው። ነጩ ፈሳሽ ሲገባ ክንድ ላይ ሊያቃጥል ይችላል፤ ቃጠሎው ወደ ላይ ይወጣል፣ ሰከንዶች ብቻ ይቆያል። «ቁጠር» የተባለ ሰው 40 ሳይደርስ ይጠፋል። መደብዘዝ የለም፣ ማዛጋት የለም፤ የመጨረሻው ቁጥር አለ፣ ቀጥሎ የነርሷ ድምፅ «አለቀ፣ በደህና ጨርሰናል» ይላል። በመሐል ያለው ግማሽ ሰዓት የትም የለም።

ያ ግማሽ ሰዓት የት ሄደ? የነገሩ ዋና ቁም ነገር ያለው እዚህ ነው። የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርስ ሲነጋገሩ አንዳንዱ ኬሚካል ሌላውን ይቀሰቅሳል፣ አንዳንዱ ዝም ያሰኛል። ዋነኛው ዝም አሰኚ ጋባ ይባላል። ሚዳዞላምም ፕሮፖፎልም የጋባን ጉልበት ያበረታሉ። ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል ደግሞ አሁን የሚሆነውን ለነገ የሚያስቀምጥ ነው፤ ሚዳዞላም ገና በትንሽ መጠን ይህን ማስቀመጥ ያሰናክላል። ሰውየው ይሰማል፣ ይመልሳል፣ ሲያመው ፊቱን ያኮሳትራል፤ ቴፑ በርቷል፣ መቅጃው ግን አልተጫነም። ስለዚህ በሚዳዞላም «ተኝቼ ነበር» ከሚሉት ብዙዎቹ አልተኙም። እዚያው ነበሩ፣ «ትንሽ ያዝ፣ ደረስን» ሲባሉ «እሺ» ብለዋል፤ ትዝታው ብቻ የለም። ከመርፌው በፊት የሆነው ግን አይጠፋም። ጠዋት ከልጅዎ ጋር ያወሩት፣ ሐኪሙ መጀመሪያ ያስረዳዎት በቦታው ነው።

ይህ መርሳት አንዳንዱን ሰው ቅር ያሰኛል፣ ተገቢም ነው። «ካመመኝና ከረሳሁት፣ አላመመኝም ማለት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። የእኔ መልስ አይደለም ነው። ማስረሳት ሕመምን ማስታገስ አይደለም፤ ለዚህ ነው ደህና ባለሙያ ማስረሻውን ብቻ ሳይሆን የሕመም ማስታገሻውንም አስቦ የሚሰጠው።

ሰመመን ከእንቅልፍም ይለያል። የተኛን ሰው ሕመም ይቀሰቅሰዋል፤ እንቅልፉም በዑደት ይሄዳል፣ ሕልም አለው፣ ሲነቃም ጊዜ እንዳለፈ ያውቃል። በፕሮፖፎል ጥልቅ ሰመመን ውስጥ ያለ አንጎል ግን ሌላ ዓይነት ሞገድ ያሳያል፤ ያ ዑደት የለም። መድኃኒቱ ቶሎ የሚለቀው ከሰውነት ስለወጣ አይደለም። ከአንጎል ወጥቶ ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ስለሚበተን ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ከተሰጠ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሰው ይነቃል። ፕሮፖፎልን ለዓለም ያበረከተው ጆን ግሌን የሚባል ስኮትላንዳዊ የእንስሳት ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 አይሲአይ በተባለው ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ አገኘው፤ መድኃኒቱ በውኃ ስለማይሟሟ መላ ፍለጋው ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ ከአኩሪ አተር ዘይትና ከእንቁላል አስኳል ከሚወጣ ሌሲቲን ጋር ተዋሕዶ በ1986 ብሪታንያ ውስጥ ለገበያ በቃ። ንጣቱም ከዚያ የመጣ ነው።

እንግዲህ ዐይንዎ ሲከደን በክፍሉ ውስጥ ዋናው ሥራ ትንፋሽዎን መጠበቅ ነው። መድኃኒቶቹ የመተንፈስን ትእዛዝ የሚሰጠውን የአንጎል ክፍል ያዳክማሉ። የምላስና የጉሮሮ ጡንቻም ይላላና ወደ ኋላ ወድቆ መተላለፊያውን ያጠብበዋል። ሰውየው ማንኮራፋት ሲጀምር፣ ከዚያም ማንኮራፋቱ በድንገት ሲቆም፣ ባለሙያው ማሽኑን አይጠብቅም። ሁለት ጣቱን ከአገጩ ሥር አድርጎ ቀና ያደርገዋል፤ ብዙ ጊዜ ትንፋሹ ወዲያው ይመለሳል። ለዚህ ነው «ሌሊት ታንኮራፋለህ ወይ? ትንፋሽህ ቁርጥ ይላል ይሉሃል ወይ?» ተብሎ የሚጠየቀው፤ ያፈረ ሰው «አይ» ብሎ ያልፋል፣ ማፈር የለበትም። ለሚዳዞላም ማርከሻው ፍሉማዜኒል፣ ለፌንታኒል ናሎክሶን ነው። ለፕሮፖፎል ማርከሻ የለም፤ እስኪለቅ ድረስ ሰውን ማስተንፈስ ብቻ ነው። ስለዚህ ፕሮፖፎል የሚሰጥ ሰው ማስተንፈስ የሚችል ሰው መሆን አለበት። ምርመራውን የሚሠራው ሐኪም ዐይኑ ስክሪኑ ላይ ስለሆነ ሌላ ሰው አጠገብዎ ሊኖር ይገባል። «እኔን የሚከታተለው ማነው?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

የጣቷ መቆንጠጫም የምታነበው በብርሃን ነው፤ ቀይና ከቀይ በታች ያለ ብርሃን በጣት ውስጥ አልፎ የደሙን ቀለም ይለካል። የጥፍር ቀለምና ጥቁር ሂና ንባቧን ሊያዛቡባት ይችላሉ፤ ስለዚህ ቢያንስ አንድ ጣት ንጹሕ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ደግሞ መሣሪያው በጥቁር ሕሙማን ላይ ኦክስጅኑን ከእውነተኛው አብልጦ የማሳየት ዕድሉ እንደሚሰፋ አሳይቷል። እኛን በቀጥታ የሚመለከት ነገር ነው፤ ቁጥሩ ደህና ቢሆንም ደረት ሲነሳና ሲወርድ በዐይን የሚያይ ሰው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ከምርመራው በፊት በባዶ ሆድ ይምጡ የሚባለውም ሳንባን ለመጠበቅ ነው። ነቅተን ሳለን አንዲት ፍርፋሪ ወደ ሳንባ መንገድ ብትሳሳት ሳል ይነሳና ያባርራታል። ሰመመን ይህን ሳል ያደክመዋል፤ በጨጓራ ያለው ምግብ ቢመለስ ወደ ሳንባ ይገባል። የተለመደው መመሪያ ለቀላል ምግብና ለላም ወተት 6 ሰዓት፣ ስብ ለበዛበት ምግብ 8 ሰዓት፣ ለእናት ጡት ወተት 4 ሰዓት፣ እንደ ውኃ ላለ ጥርት ያለ መጠጥ 2 ሰዓት ነው። የተሰጠዎት ከዚህ ከጠበቀ የተሰጠዎትን ይከተሉ። ወተት የሌለው ቡና ከጥርቱ ይቆጠራል፤ ማኪያቶና አጥሚት ግን አይቆጠሩም። «ጾመህ ና» የተባለ ሰው ጠዋት ሽሮ በልቶ የሚሄድበት ጊዜ አለ፣ ሥጋና ቅቤ አልነካሁምና። ሽሮም ምግብ ነው። ጠዋት ጸበል የጠጣም ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን ያህል እንደጠጣ ይናገር፤ ማንም አይቆጣውም፣ ቢበዛ ሰዓቱ ይገፋል። ጫት የሚቅም፣ በየቀኑ የሚጠጣ ሰውም ይናገር። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ያንራል፤ መጠጥ የለመደ አንጎል ደግሞ ብዙ ጊዜ በተለመደው መጠን አይረጋጋም።

ኬታሚን ስለሚባለው ማደንዘዣ ለብቻው ልናገር፣ ምክንያቱም ወላጆችን ክፉኛ የሚያስደነግጥ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ካልቪን ስቲቨንስ በተባለ ኬሚስት አሜሪካ ውስጥ ተሠራ፤ ዛሬ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በስፋት ይሠራበታል። ትንፋሽንና የደም ግፊትን እንደ ሌሎቹ ስለማይጥል፣ ሕመምንም ስለሚያጠፋ፣ መሣሪያ በሌለበት ቦታ ብዙ ነፍስ አትርፏል። ከዛፍ ወድቆ ክንዱ የተሰበረ ልጅ አጥንቱ ሲቃና ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ይህ ነው። ኬታሚን ስሜትን ከአንጎል ይለያል እንጂ አያስተኛም። የልጁ ዐይን ክፍት ነው፤ ወዲያና ወዲህ ይንቀጠቀጣል፣ ማንንም አያይም። እጁ ሊወራጭ፣ ሊያቃስትም ይችላል፤ ምራቁ ይበዛል። እናቱ «ልጄ ነቅቷል፣ እያመመው ነው!» ብላ ብትጮህ ማን ይፈርድባታል? ቀድሞ የነገራት ከሌለ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ልጁ ግን ሩቅ ነው። ሲመለስ ሊያስመልሰው፣ ሊያለቅስ ይችላል። አዋቂ ከሆነ መንሳፈፍን፣ ደማቅ ቀለምን፣ አንዳንዴም የሚያስፈራ ነገርን ይተርካል። ስለዚህ ከመርፌው በፊት ደስ የሚል ነገር እንዲያስብ ይነገረዋል፤ ሲነቃም ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ አይነቀንቁትም፣ በለሆሳስ ያናግሩታል።

«ገመናዬን ባወጣስ?» የሚሉም ብዙ ናቸው። ሚዳዞላም ምላስን ትንሽ ያላላል፤ ምስጢር የሚያስተፋ መድኃኒት ግን አይደለም፣ የሚባለውም ብዙ ጊዜ የተቆራረጠ ነው። በኢንዶስኮፒማ አፍ በማስነከሻና በቱቦ የተያዘ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሕመምተኛን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ሰመመንን ብዙ ጊዜ የሚተዋወቁት በኮሎኖስኮፒ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ የአንጀት ካንሰር ቅድመ ምርመራ ከ45 ዓመት ጀምሮ ይመከራል። ከመንግሥት የጤና ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ጥያቄውና ፊርማው ከመርፌው በፊት በአማርኛ ይለቅ። ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ አልመክርም። አባት በልጁ ፊት ስንት ብርጭቆ እንደሚጠጣ አይናገርም፤ ባለሙያው ግን ማወቅ ያለበት ያንኑ ነው።

ሲነቁ አፍ ይደርቃል፣ ያዞራል፣ አንዳንዱ ያለ ምክንያት እንባው ይመጣል። አጃቢው ግን የሚያየው ሌላ ነገር ነው፤ የነቃው ሰው «ምን አሉኝ?» ይላል፣ ይመለስለታል፣ ከ3 ደቂቃ በኋላ እንደገና «ምን አሉኝ?» ይላል። መቅጃው ገና አልተመለሰም። ስለዚህ ሐኪሙ ውጤቱን ሲናገር አጃቢው ይስማ፣ በጽሑፍም ይቀበል። ለ24 ሰዓት መኪና አይነዳም፣ ውል አይፈረምም፣ ጠላም አረቄም አይቀመስም። የፈላ ጀበናና የከሰል ምድጃም ለሌላ ሰው ይተው፤ ደህና ነኝ የሚል ሰው እጁ ገና አልጠናም። ጉሮሮው የተረጨ ሰው ድንዛዜው ሳይለቀው ምንም አይዋጥ፤ መጀመሪያ ውኃ በትንሹ ይሞከር። ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ደም ማስመለስ ወይም ጥቁር ሰገራ ከታየ ግን እስኪነጋ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።