ከመሬት በታች ያለው የመብራት ቱቦ ውሃ ሲይዝ

ውሃና ኤሌክትሪክ ሲገናኙ አደጋ እንደሚከተል የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በግቢ አፈር ውስጥ የተቀበረው የመብራት ሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ ውሃ እንደሚይዝ ስንቶቻችን አስበን እናውቃለን?

ውሃው የሚገባው በስንጥቅ ብቻ አይደለም። ከቤት የሚመጣው ሞቃት አየር ከቀዝቃዛው ቱቦ ጋር ሲገናኝ፣ ጠዋት በሣር ላይ እንደምናየው ያለ ጤዛ ያበጃል፤ ጤዛውም ተጠራቅሞ ዝቅ ባለው ሥፍራ ይተኛል። ስለዚህም የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ሥራ ደንብ ከመሬት በታች ያለውን ቱቦ ውስጡን ምንጊዜም እንደ እርጥብ ቦታ ይቆጥረዋል፤ የሚያልፍበትም ሽቦ እርጥበት የሚችል እንዲሆን ያዛል።

ውሃውን ማስወጣት የባለሙያ ሥራ ነው። ባለሙያውም አስቀድሞ ኃይሉን ከዋናው ማጥፊያ ያቋርጣል፤ ሌላ ሰው እንዳያበራው ይቆልፈዋል፤ ኃይል አለመኖሩንም በመሞከሪያ ያረጋግጣል። ከዚያ በኋላ የቱቦው ሁለት ጫፎች ተከፍተው፣ ከፍ ካለው ጫፍ በኮምፕሬሰር አየር ሲነፋ ውሃው ዝቅ ባለው በኩል ይወጣል፤ በመውጫው ፊት ግን ማንም መቆም የለበትም። ቱቦው ሽቦ ከሌለበት በሲባጎ የታሰረ ጨርቅ ስቦ ማሳለፍ የቀረውን ያደርቀዋል። ሽቦ ካለበት ግን ሽፋኑ አለመጎዳቱ በመሣሪያ ሳይለካ ኃይሉ አይለቀቅም።

ምክንያቱም ውሃው ወጣ ማለት ጉዳቱ ቀረ ማለት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. ሳንዲ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ኒው ዮርክን በመታ ጊዜ፣ በ1924 ዓ.ም. በተከፈተው የካናርሲ የባቡር ዋሻ 7 ሚሊዮን ጋሎን ያህል ጨዋማ ውሃ ገባ። ውሃው በፓምፕ ተስቦ ባቡሩ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሥራውን ቢጀምርም፣ ጨው በኮንክሪቱ ውስጥ የተቀበሩትን ገመዶች ጎድቶ ነበር። ከ2019 እስከ 2020 ዓ.ም. ዋሻው ሲታደስ አዲሱ ገመድ ወደ አሮጌው ቱቦ አልተመለሰም፤ በዋሻው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

እንግዲህ አዲስ ቱቦ የሚያስቀብር ሰው ቱቦው ተዳፋት እንዲኖረው፣ ዝቅ ባለው ጫፍ ጠጠር የተነጠፈበት ጉድጓድ እንዲበጅለት፣ ወደ ቤት የሚገባው አፍም እንዲደፈን ያድርግ። ይህ ሁሉ ተደርጎም ጤዛው አይቀርም። ስለሆነም ቱቦውን ዘወትር ለማድረቅ ከመድከም፣ ውሃ የሚችለውን ሽቦ መምረጥና ለውሃው መውጫ ማበጀት ይሻላል።