«አሮጌ» ወይስ «ወና»? ስለ አንድ የኮምፒዩተር ስያሜ

ለሙያ ቃል አቻ ሲፈለግ ከቃሉ ፍቺ ባሻገር የነገሩን አሠራር መመርመር ይገባል። የሚከተለው ምሳሌ ይህንኑ ያስረዳል።

ውጥኑ በ1969 (እ.ኤ.አ.) በተጀመረው በዩኒክስና ፈለጉን በተከተለው በሊኑክስ ሥርዓተ ክወና፣ በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም «ሂደት» ይባላል፤ ለእያንዳንዱም ሂደት መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ያለማቋረጥ የሚያገለግሉ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ ይህን ቁጥር በአንዲት ትንሽ ፋይል ይጽፋሉ። አገልግሎቱን የሚያስቆመው ረዳት ፕሮግራም ቁጥሩን ከዚያ አንብቦ የማስቆሚያ ምልክት ይልካል።

እንከኑ የሚፈጠረው ሂደቱ ፋይሉን ሳያጠፋ በድንገት ሲሞት ነው። ቁጥሮቹ ወሰን ስላላቸው (በሊኑክስ ለረጅም ዘመን የተለመደው 32768 ነበር) ውለው አድረው ለሌላ ሂደት ይሰጣሉ። ያን ጊዜ ረዳቱ ፕሮግራም የማይመለከተውን ሂደት ያስቆማል፤ ወይም የሞተውን አገልግሎት «በሥራ ላይ ነው» ብሎ አላስነሣም ይላል።

በእንግሊዝኛ ለዚህ ፋይል የተሰጠው ቅጽል ስለ ከረመ ዳቦ የሚነገር በመሆኑ፣ ተርጓሚው «አሮጌ ፋይል» ወደ ማለት ያዘነብላል። ይሁን እንጂ ጉድለቱ ዕድሜ አይደለም። ዓመት ሙሉ የሠራ አገልግሎት ፋይሉ አሮጌ ቢሆንም ትክክለኛ ነው፤ ከደቂቃ በፊት የተጻፈው ግን ባለቤቱ ሞቶ ሊሆን ይችላል። «አሮጌውን ፋይል ሰርዝ» የሚል መመሪያ ያነበበ ባለሙያ በሕይወት ያለውን ሂደት ፋይል ቢያጠፋ፣ በአንድ የመረጃ ቋት ላይ ሁለተኛ ቅጂ ተነሥቶ መረጃውን ሊያበላሽ ይችላል።

አማርኛ ለዚህ የሚስማማ ቃል አለው፤ እርሱም «ወና» ነው። በኮልፌ ቀራኒዮ ሰው የሚኖርበት ነባር የጭቃ ቤት አርጅቷል እንጂ ወና አይባልም፤ ነዋሪው ትናንት የለቀቀው አዲስ የኮንዶሚኒየም ቤት ግን ወና ነው። ቃሉ የሚናገረው ስለ ባለቤቱ አለመኖር እንጂ ስለ ዕድሜ አይደለም።

የእንከኑ እርማትም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ የፋይሉን ዕድሜ አይለካም፣ ባለቤቱ መኖሩን ይጠይቃል።

ሀ) ሂደቱ በሕይወት እስካለ ፋይሉን ይቆልፋል፤ ሲሞት ሥርዓተ ክወናው ራሱ ይከፍተዋል። ስለዚህ ያልተቆለፈ ፋይል ወና ነው።

ለ) መቆለፍ በማይቻልበት፣ ከቁጥሩ ጋር የሂደቱ ስምና የተነሣበት ሰዓት ይመሳከራል።

በመሆኑም «ወና የመለያ ፋይል» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን። ቁጥሩ ለሌላ ሂደት ሲሰጥ ፋይሉ ያው ወና ነው፤ ቁጥሩ ግን «የተላለፈ ቁጥር» ቢባል ሁለቱ ሁኔታዎች አይምታቱም። መመሪያውም «ፋይሉ ወና መሆኑን አረጋግጠህ ሰርዝ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ባለሙያው ከመሰረዙ በፊት ሊጣራ የሚገባውን ነገር ከቃሉ ራሱ ይረዳል።