የእንጦጦ ጭራሮና የኃይል አዋጁ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን መንገድ በማለዳ የተመላለሰበት ሰው፣ ቁልቁል የሚወርዱትን እናቶች ሳያውቃቸው አይቀርም። ከቁመታቸው የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳይነቅሉ ይወርዳሉ። በኮተቤ በኩልም እንዲሁ ነው። ለአሥርት ዓመታት አይተናቸዋል፤ አዝነንላቸዋል፤ አልፈናቸዋል። የኃይል ዘርፍ ሠራተኞች ናቸው ብለን ግን አስበን አናውቅም።

ስለ ኃይል ዘርፍ የሕግና የፖሊሲ ሥጋት ሲወራ ትዝ የሚለን ግድብ፣ የነፋስ ተርባይንና የውጭ ባለሀብት ነው። ሥጋቱ በቀላል አማርኛ ይህ ነው፦ አንድ ሰው የዛሬውን ሕግ አምኖ ገንዘቡን ወይም ጉልበቱን ያፈስሳል፤ ነገ ሕጉ ይለወጥበታል፤ ያፈሰሰውን መልሶ ማውጣት አይችልም። ትልቁ ባለሀብት ለዚህ መድኃኒት አለው። በ2010 ዓ.ም. የኮርቤቲና የቱሉ ሞዬ የእንፋሎት ኃይል አልሚዎች ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር የግዥ ውል ተፈራርመዋል። እንዲህ ባሉ ውሎች በዓለም ዙሪያ የተለመደው፣ ሕግ ቢለወጥ ኪሣራው በማን ላይ እንደሚያርፍና ክርክሩን የትኛው የግልግል ዳኛ እንደሚያየው አስቀድሞ መጻፉ ነው። ለእንጦጦዋ እናት እንዲህ ያለ አንቀጽ የጻፈላት የለም።

ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢመስልም፣ በአዲስ አበባ የፖሊሲ መለዋወጥን እንደ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ያየ የኃይል ምንጭ የለም ማለት ይቻላል። ዛፉ በ1880ዎቹ መጨረሻ በአፄ ምኒልክ ዘመን ገባ። ከተማዋ ማገዶ አጥታ ንጉሡ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ እስከማሰብ የደረሱበት ወቅት ነበርና መንግሥት ተከላውን አበረታታ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1905 ዓ.ም. ገደማ፣ ዛፉ ውኃ ያደርቃል ተብሎ ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀል ትእዛዝ ወጣ። የሚነቅል አልተገኘም እንጂ! (ሕግ አለመከበሩ ከተማን ያዳነበት ጊዜ ቢኖር ይህ ሳይሆን አይቀርም።) በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31፣ የከተማ ቦታ በአዋጅ ቁጥር 47 ወደ መንግሥት ሲዞር፣ በጥቂት ባለርስቶች እጅ የነበረው ደን አብሮ ዞረ። ትናንት ከባለርስቱ ጋር የተስማማች ለቃሚ፣ በማግሥቱ የመንግሥት ንብረት ወሳጅ ሆነች።

ቀጥሎ የመጣው የደን ሕግ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 542 ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ ዛፍ የቆረጠን ወይም የደን ውጤት ያወጣን ሰው እስከ 5 ዓመት እስራትና 10,000 ብር ይቀጣ ነበር። በሌላ በኩል ይኸው አዋጅ የአካባቢው ሕዝብ የወደቀ እንጨት እንዲለቅም ሊፈቀድለት እንደሚችል ይናገር ነበር። «ሊፈቀድ ይችላል» የምትለዋን ሐረግ ልብ ይበሉልኝ። በሕግ ቋንቋ መብትና ፈቃድ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። መብት ፍርድ ቤት ያስከብረዋል፤ ፈቃድን ግን የዕለቱ ጥበቃ ሊሰጥም ሊነሳም ይችላል። የወደቀውን ከተሰበረው ማን ይለያል? የሚለየው ጥበቃው ነው። በዚህ አዋጅ ቦታ 1065/2010 ተተክቷል፤ የማኅበረሰብና የማኅበራት ደን ባለቤትነትንም አውቋል። ሆኖም ማኅበረሰቡ ደን እንዲይዝ መጀመሪያ ይዞታ ያስፈልገዋል፤ የእንጦጦ ለቃሚ ይዞታ የላትም።

የኃይል አዋጁስ? አዋጅ ቁጥር 810/2006 ስሙ «የኃይል» ይሁን እንጂ የሚያወራው በአብዛኛው ስለ ኤሌክትሪክ ማመንጨት፣ ማስተላለፍ፣ ማከፋፈልና ስለ ኃይል ቁጠባ ነው። አገሪቱ ከምትጠቀመው ኃይል ከአሥር እጅ ወደ ዘጠኝ የሚጠጋው ከእንጨት፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከመሳሰሉት የሚገኝ ሆኖ ሳለ፣ ይህ ገበያ በኃይል ሕግ ሳይሆን በደን ሕግና በወንጀል ቅጣት ይገዛል።

መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተመረቀ። ፓርኩን አልቃወምም፤ እኔም እሄድበታለሁ። ደኑ የከተማዋ ሳንባ ነው፣ ተዳፋቱም ጥበቃ ይሻል። እንጨት ለተሸከሙ እናቶች በፓርኩ፣ በኋላም በ2015 ዓ.ም. በተከፈተው የለሚ የእንጀራ ፋብሪካ ሥራ መሰጠቱም የሚመሰገን ነው። የሕግ ባለሙያ ግን መጠየቁ አይቀርም፦ ሥራው ያልደረሳት በምን ታመለክታለች? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 በጉልበት ወይም በገንዘብ በመሬት ላይ ለተደረገ ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት ይሰጣል። የካሣ አዋጁ፣ 1161/2011ም፣ የሚያውቀው ባለይዞታን ነው። ዛፉን ያልተከለች፣ መሬቱን ያልያዘች፣ ከዛፉ ግን 20 ዓመት የኖረች ሴት በሁለቱም መዝገብ ውስጥ የለችም።

ኤሌክትሪክ ሲስፋፋ ይህ ሁሉ ይረሳል የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁ ትልቅ ነገር ነው። ይሁንና ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሦስት ወሩ፣ ለአራት ዓመት፣ ከፍ እንዲል ተወስኗል። ኪሎዋቱ በተወደደ ቁጥር በየካ ጓሮዎች ምጣዱ ከሶኬት ወደ ጉልቻ መመለሱ አይቀርም፤ ጭራሮ ፈላጊውም ይበዛል። አንዱ መሥሪያ ቤት ታሪፍ ሲያወጣ ሌላው ደን ሲያጥር፣ ሁለቱ ፖሊሲዎች የሚገናኙት በአንዲት ሴት ጀርባ ላይ ነው።

ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። የደን አዋጁን ለማስፈጸም በሚወጣ መመሪያ ሁለት አንቀጽ ይበቃል። አንደኛው፣ ለቃሚዎች በስም ተመዝግበው፣ በተወሰነ ቦታና ቀን የረገፈ ቅጠልና ጭራሮ የሚወስዱበት የጽሑፍ ፈቃድ፤ ሲሰረዝም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ። ሁለተኛው፣ ደኑ ለሌላ አገልግሎት ሲውል ፈቃድ የያዘችው ሴት እንደ ተነሺ ተቆጥራ ድጋፍ እንድትጠይቅ፣ ቅር ካላትም ይግባኝ እንድትል።