ወደ ወለል የሚወርደው ጋዝ

አዲስ አበባን ከጅቡቲ ወደብ ጋር የሚያገናኘው መንገድ ወደ ከተማዋ የሚገባው በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ነው። አሮጌው አውራ ጎዳናም፣ ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳው የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድም ቀን ከሌት ቦቴ ያስተናግዳሉ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ዓይነት ቤት ይታያል። በድሮዋ አቃቂ ፋብሪካዎቹን ተከትለው የተሠሩ፣ ማብሰያውም መኝታውም አንድ ክፍል የሆነባቸው የጭቃ ቤቶች አሉ። እንደ ቱሉ ዲምቱ ባሉ ሰፈሮች ደግሞ ፎቅ በፎቅ የተደረደሩ ኮንዶሚኒየሞች አሉ። የአገሪቱ የመጀመሪያ የውሃ ኃይል ማመንጫ አባ ሳሙኤል የሚገኘው እዚሁ በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው። ይሁንና ወጡ ተጥዶ ሳለ መብራት ድርግም ሲል፣ በሁለቱም ዓይነት ቤት ብዙ ሰው ፊቱን የሚያዞረው ወደ ቡታጋዙ ነው።

ይህ ሲሊንደር በየቤቱ ጥግ ቆሞ ስለሚውል የምናውቀው ይመስለናል። ስለ እሱ የሚነገሩ ማስጠንቀቂያዎችም ብዙ ከመሆናቸው የተነሳ አንዱን ይዘን ሌላውን እንረሳለን። የጋዙን ጠባይ ያወቀ ሰው ግን ማስጠንቀቂያዎቹን በቃሉ መያዝ አያስፈልገውም፤ ራሱ ይደርስባቸዋል። ስለዚህ ከጠባዩ እንጀምር።

ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ቡታጋዝ ከነዳጅ ማጣሪያና ከጋዝ ጉድጓድ የሚገኙ ፕሮፔንና ቡቴን የሚባሉ ሁለት ጋዞች ናቸው፤ ለየብቻ ወይም ተቀላቅለው ይሸጣሉ። አገራችን በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በተሠራው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ትጠቀም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀምሮ በ1997 ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የምንጠቀምበት ቡታጋዝ ከውጭ ተገዝቶ የሚገባ ነው።

ሲሊንደሩን ወዘወዝ ሲያደርጉት ውስጡ የሚንቦጫረቅ ነገር ይሰማል። ጋዙ በግፊት ታምቆ ፈሳሽ ስለሆነ ነው። ይህ ፈሳሽ ሲወጣ ተመልሶ ጋዝ ይሆናል፤ መጠኑም ከ250 እጥፍ በላይ ይሰፋል። ብዙ ቤት የሚገኘው ሲሊንደር 12.5 ኪሎ ጋዝ ይይዛል። ፋብሪካው ግን ጢም አድርጎ አይሞላውም። ፈሳሹ ሙቀት ሲያገኝ ስለሚያብጥ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ቦታ ባዶ ይተዋል። ሲሊንደር ፀሐይ ላይ ወይም ከምጣድ አጠገብ አይቀመጥ የሚባለው፣ ከትልቅ ሲሊንደር ወደ ትንሽ መገልበጥም ክልክል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በግምት የሚገለብጥ ሰው ያን ባዶ ቦታ ይሞላዋል፤ ሲሞቅ ማበጫ የሚያጣው ፈሳሽ ብረቱን የመቅደድ ጉልበት አለው።

ከሲሊንደሩ አናት ላይ የሚገጠመው ሬጉሌተር ይህን ግፊት ያበርደዋል። ውስጥ ያለው ግፊት እንደ ቅልቅሉና እንደ ሙቀቱ ከ2 እስከ 8 ባር ይደርሳል፤ ምድጃው የሚፈልገው 0.03 ባር ገደማ ብቻ ነው። ሲሊንደሩ ከተጋደመ ግን ወደ ሬጉሌተሩ የሚገባው ጋዝ ሳይሆን ፈሳሹ ይሆናል፤ ምድጃው ላይ ያለው ነበልባልም ድንገት ይወረወራል። ጋዙ ሊያልቅ ሲል «ትንሽ ቀርቶታል» ብሎ ሲሊንደሩን ማጋደም፣ ወይም የፈላ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ እንደ ብልሃት የሚቆጠርበት ቤት አለ። ሁለቱም ለአንድ ድስት ወጥ ሲባል ቤት ሙሉ ሰው የሚያስይዙ ናቸው።

ወደ ታች ነው የሚሄደው

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴን ደግሞ ሁለት እጥፍ ይከብዳሉ። ያመለጠ ቡታጋዝ እንደ ጭስ ወደ ጣሪያ አይወጣም፤ እንደ ፈሰሰ ውሃ ወለል ለወለል ይሄዳል። አልጋ ሥር ይገባል፤ በበር ሥር ያልፋል፤ ደረጃ ይወርዳል፤ የሻወርና የወለል ማጠቢያ ውሃ መውረጃ ቀዳዳ ካገኘ በቱቦው ውስጥ ይተኛል።

በእኛ ቤት ደግሞ እሳት ያለው የት ነው? ቡና ሲፈላ ማንደጃው ያለው ከረከቦቱ አጠገብ፣ ወለል ላይ ነው። የዕጣን ማጨሻው ከሥሩ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚበራው ጧፍና ሻማም ብዙ ጊዜ ከዝቅተኛ ቦታ አይርቅም። በበዓል ዋዜማ ዶሮው ቡታጋዝ ላይ እየተሠራ፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ከሰሉ ፍም ሆኖ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ያመሻል። ጋዙና ፍሙ ያኔ አንድ ወለል ላይ ናቸው። የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን በየበዓሉ ዋዜማ ማሳሰቢያ የሚያወጣው በከንቱ አይደለም።

መጠኑንም እናስላው። ቡታጋዝ አየር ውስጥ 2 በመቶ ያህል ሲደርስ ይቀጣጠላል። ርዝመቱ 4፣ ስፋቱ 3፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 30 ሜትር ኩብ አየር አለው። በአቃቂ ከፍታ ይህን ሁሉ አየር ተቀጣጣይ ለማድረግ 1 ኪሎ ገደማ ጋዝ ይበቃል፤ ይህም ከሙሉ ሲሊንደር አንድ አሥራ ሁለተኛ ነው። ጋዙ ወለል ላይ ተኝቶ ከቆየ ደግሞ ከዚያም ያነሰው ይበቃል።

ስለዚህ የማብሰያ ክፍል አየር ማስገቢያ ከታችም ያስፈልገዋል። ከጣሪያ አጠገብ ያለች መስኮት የምግቡን እንፋሎት ታወጣለች እንጂ ያመለጠውን ቡታጋዝ አታወጣም። በሩ ወደ ውጭ በሚከፈት የጭቃ ቤት ውስጥ ሲያበስሉ በሩን ገርበብ ማድረግ ብቻ ትልቅ ነገር ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ ለሲሊንደሩ የተሻለው ቦታ በረንዳ ነው፤ ግን ክፍት በረንዳ። በረንዳውን በአልሙኒየምና በመስታወት ዘግቶ ማብሰያ ቤት ያደረገ ሰው ሲሊንደሩን ውጭ ያስቀመጠ ይመስለዋል እንጂ ያለው ቤት ውስጥ ነው። እዚያም ከታች በኩል ቀዳዳ መተው፣ የውሃ መውረጃውንም ማራቅ ግድ ይላል። ደረጃ ሥርና ኮሪደር ላይ ሲሊንደር ማቆም ደግሞ ለጎረቤት ሁሉ መውጫ መንገድ ላይ አደጋ ማስቀመጥ ነው።

ሲሊንደር ሲቀየር

አደጋው በብዛት የሚያደባው ሲሊንደር በሚቀየርባት ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው። አዲሱን ሲሊንደር በባጃጅ ወይም በትከሻ ያመጣው ልጅ መግጠሙንም አብሮ ይሠራል። ጠንቃቃው ልጅ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ «እማማ፣ ከሰሉን መጀመሪያ ያውጡልኝ» ይላል። እማማም ቡናው ሊወጣ ሲል ቢሆንም ማንደጃውን ወደ ደጅ ያወጣሉ። እንዲህ ያለ ልጅ ሊመሰገን እንጂ «አበዛኸው» ሊባል አይገባም።

ከዚያ የአሮጌውን ቫልቭ ይዘጋል። ባዶ የተባለ ሲሊንደር ውስጥ ጋዝ አይጠፋም፤ ሳይዘጋ ጓዳ የሚቀመጥ ባዶ ሲሊንደር ከሙሉው ያላነሰ ያሰጋል። ቀጥሎ የአዲሱን አፍ ያያል፤ ጎሚኒው ተሰንጥቆ፣ ደርቆ ወይም ወልቆ ከሆነ አይገጥመውም። ሬጉሌተሩ ልኩ ካልሆነ በጨርቅ፣ በፕላስቲክ ወይም በሳሙና ጠቅጥቆ ማስገደድ አይሠራም፤ ልኩን ማምጣት ነው።

ጎማውን በእጅ ጎንበስ አድርጎ ማየት ይገባል። ሲታጠፍ ጥቃቅን ስንጥቅ ካሳየ፣ ከደረቀ ወይም አይጥ ከነከሰው ጊዜው አልቋል። ጎማው ለጋዝ የተሠራ እንጂ የውሃ መሆን የለበትም፤ ከአንድ ሜትር ተኩል ባይበልጥና ከምድጃው ጀርባ ባያልፍ ይመረጣል። ሁለቱም ጫፎቹ በፋሸታ ይጠበቃሉ፤ በሽቦ መጠምጠም ጎማውን ይቆርጠዋል።

የመጨረሻው ፈተና የአረፋ ነው። ኦሞ ወይም የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በጥቂት ውሃ ይበጠበጣል። ቫልቩ ይከፈታል፤ ምድጃው ግን እንደተዘጋ ይቆያል። አረፋው በስፖንጅ ቫልቩን፣ ሬጉሌተሩን፣ ፋሸታዎቹንና ጎማውን ይዳስሳል። አንድ ቦታ ላይ አረፋው እያበጠ፣ እየፈነዳ፣ ተመልሶ እያበጠ ከሄደ ጋዙ በዚያ ይወጣል። ክብሪት ጭሮ መፈተሽ ግን የሚፈልጉትን አደጋ በእጅ መጥራት ነው።

ከዚያ በኋላ የየዕለቱ ሥርዓት አጭር ነው። ሲለኩሱ ክብሪቱ ይቀድማል፣ ጋዙ ይከተላል። ሲጨርሱ መጀመሪያ የሲሊንደሩን ቫልቭ ይዝጉ፤ ጎማው ውስጥ የቀረው ጋዝ ነድዶ ሲያልቅ የምድጃውን ቁልፍ ያጥፉ። እንዲህ ሲሆን ሌሊቱን ጎማው ባዶ ሆኖ ያድራል።

ሽታውና ቀለሙ

ቡታጋዝ በተፈጥሮው ጠረን የለውም። የበሰበሰ ነገር የመሰለው ሽታ ሜርካፕታን ከሚባል ቅመም የመጣ ነው፤ ሰው እንዲነቃ ሆን ተብሎ ይጨመራል። አፍንጫ ግን ይለምዳል። ውስጥ የቆየ ሰው «አይሸትም» ሲል ከደጅ የገባው የሚሸተው ለዚህ ነው፤ የሚታመነው አሁን የገባው ሰው ነው።

ሁለተኛው ምልክት ነበልባሉ ነው። ጤነኛ ነበልባል ሰማያዊ ነው። ቢጫ ሆኖ የሚንቦገቦግና የድስቱን ቂጥ ጥላሸት የሚቀባ ከሆነ ጋዙ በቂ አየር አላገኘም። አቃቂ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ከወደብ ከተሞች አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ የታፈነ ክፍል ደግሞ ያብሰዋል። አየር ያነሰው እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይህ ደግሞ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ ነው። በክረምት ለሙቀት ብለው ከሰል አስገብተው በር ዘግተው የተኙ ሰዎችን የሚገድለውም ይኸው ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ቤት ያለውን ሰው ሁሉ አንድ ላይ ከያዘ በሩን ከፍቶ መውጣት ይቀድማል።

ሲሸት፣ ሲነድ

ጋዝ ከሸተተ ማብሪያ ማጥፊያ አይነካም፣ ከሶኬት የሚነቀል ነገር አይነቀልም፣ ስልክም ክፍሉ ውስጥ አይደወልም። የበራው መብራት እንደበራ ይቆይ፤ ብልጭታ የሚፈጠረው ሲጠፋም ነው። ፍሪጅ ራሱ ስለሚነሳ፣ ቆጣሪው ከደጅ ካለ ከዚያ ማጥፋት ይቻላል። ቫልቩን ይዝጉ፣ በርና መስኮት ይክፈቱ፣ ልጆችንና አዛውንትን ይዘው ይውጡ፣ ከሥር ያሉትን ጎረቤቶች ያስጠንቅቁ። ጋዙ ወደ ታች ስለሚወርድ መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነው። ከራቁ በኋላ 939 ይደውሉ።

ጎማው ወይም ሬጉሌተሩ ላይ እሳት ከተያያዘና ቫልቩ የሚደረስበት ከሆነ፣ እጅን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ መዝጋት ነው። ካልተደረሰበት ጥሎ መውጣት። ጋዙ ሳይዘጋ እሳቱን ብቻ ማጥፋት የባሰ ነው፤ የማይነደው ጋዝ ክፍሉን ሞልቶ ሌላ እሳት ይጠብቃል። መጥበሻ ላይ ያለ ዘይት ሲነድ ውሃ አይደፋበትም፤ ክዳን ይደፋበታል። የተቃጠለ ሰው ቁስሉ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ይቀዝቅዝ። ቅቤ፣ ሊጥና የጥርስ ሳሙና ቁስሉን ያፍኑታል እንጂ አያድኑትም። ከባድ ከሆነ የቃጠሎ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል፣ ለምሳሌ ወደ የካቲት 12፣ ይወሰድ።

ነገ የሚመጣው ጋዝ

በሶማሌ ክልል ያለው የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካው ቴኔኮ ኩባንያ ተገኝቶ ለአሥርት ዓመታት መሬት ውስጥ ቆየ። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. የማምረቻው የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ። ይህ ጋዝ በአብዛኛው ሜቴን ነው፤ ክብደቱም የአየር ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ሲያመልጥ የሚወጣው ወደ ጣሪያ ነው። በቧንቧ ወደ አዲስ አበባ ቤቶች አልገባም፤ አንድ ቀን ቢገባ ግን የሚሠራው ማስተንፈሻ ከላይ ይሆናል። ዛሬ ቤት የሚሠራ ሰው ከታችም ከላይም ክፍተት ቢተው ለሁለቱም ይጠቅመዋል።

እስከዚያው የምንኖረው ከሚወርደው ጋዝ ጋር ነው። በአንድ ሕንፃ ላይ ሃያና ሠላሳ አባወራ በሚኖርበት ሰፈር ጥንቃቄው የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም። የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ በሚቀጥለው ስብሰባው ሦስት ነገር መወሰን ይችላል፦ ደረጃና ኮሪደር ላይ ሲሊንደር እንዳይቆም፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ የእሳት ማጥፊያ በመዋጮ እንዲገዛ፣ 939 በትልቁ ተጽፎ መግቢያው ላይ እንዲለጠፍ። የጭቃ ቤት የሚያከራይ ሰው ደግሞ ከበሩ ሥር አንዲት ማስተንፈሻ ቀዳዳ ቢከፍት ወጪው ከአንድ ወር ኪራይ አይደርስም። ይህ ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ከመጪው በዓል በፊት ይሠራ።